የብርቱካን ድንጋይ፦ ከሶዶ ወደ ጉኑኖና ወደ ተበላ

«አሁን የት ነው ያለው?»

ይህንን የጠየቀችኝ አማረች የምትባል የጉኑኖ ሴት ናት። የጠየቀችኝም ስለ አንድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እዚህ ምድር ላይ ያለ አይደለም፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ሆነው ፀሐይን ከሚዞሩት ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ድንጋዮች አንዱ ነው። በመጽሐፍ አስትሮይድ ይባላሉ። ከጉዞው ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ ኢንተርኔት ከፍቼ ፈልጌአለሁ። እስከ ዛሬ የምመልስላት የለኝም። መልሱ ከሌለኝ መንገዱን ልጻፍ ብዬ ነው የተነሳሁት፤ ጉኑኖንም ተበላንም ረግጦ ለማያውቅ፣ ምናልባትም ለማይረግጥ አንባቢ።

አስቀድሜ ያጓዘኝን ነገር ልናገር። ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ባሌ ከሞተ በኋላ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቄ። ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፣ አንድ ነገር በስሙ ካልተጠራ ያመኛል። ተማሪዎቼ አስትሮይድን ኮከብ ሲሉት አላልፋቸውም። የአማረች ልጅ ብርቱካን ይህን ጠባዬን ታውቃለች፤ «እሺ ቲቸር፣ ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ብርቱካን ሶዶ ክፍል ተከራይታ የምትማር፣ ሰኞ ሰኞ ከጉኑኖ ስንቋን ተሸክማ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤታችን ያለው የሥነ ፈለክ ክበብ ከውጭ በትልልቅ የሰማይ መነጽሮች፣ በቴሌስኮፕ፣ የተነሱ የሰማይ ፎቶዎች ይላኩለታል። አንድ ቦታ በየተወሰነ ደቂቃ ልዩነት ደጋግሞ ይነሳል፤ ተማሪው ፎቶዎቹን እያፈራረቀ ያያል። ኮከቦቹ አይነቃነቁም። አስትሮይድ ካለ ግን ትንሽ፣ ትንሽ ይሄዳል። ብርቱካን ከሁሉም በፊት አንዱን አየች። ከዚያ ላኪዎቹ አጣርተው፣ ለጊዜው የሚሆን ፊደልና ቁጥር ሰጥተውት፣ ለእሷም ምስክር ወረቀት ላኩላት።

በዚያው ዓመት ታመመች። በሽታው ምን እንደሆነ በደንብ ሳይታወቅ ሞተች።

በእኛ አገር ሰው ሲቀበር ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ንባቡ የሚዘጋው ሟቹ ትቶት ባለፈው ነው፤ ይህን ያህል ልጅ፣ ይህን ያህል የልጅ ልጅ ተብሎ። ብርቱካን የምትተወው ነገር አልነበራትም። ያቺ ቦታ ባዶ እንዳትሆን ብለው ነው መሰለኝ፣ ሽማግሌው «በስሟ የሚጠራ ኮከብ በሰማይ ትታልን አልፋለች» ብለው አነበቡ። ለቀስተኛው አሜን አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉኑኖ ውስጥ ነገሩ ያለቀለት ሆነ።

ያለቀለት ግን አልነበረም። አስትሮይድ ስም የሚያገኘው ምህዋሩ፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚሄድበት መንገድ፣ በደንብ ሲታወቅ ነው፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። የብርቱካን ድንጋይ የታየው ለጥቂት ሌሊት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ተመሥርቶ መንገዱን መናገር፣ አንድ ሚኒባስ በአንድ ኩርባ ላይ ለቅጽበት ሲያልፍ ያየ ሰው በሚቀጥለው ዓመት መኪናው የትኛው ከተማ ውስጥ እንደሚሆን ተናገር እንደመባል ነው። ምድር እሱ ይሆናል በተባለበት በኩል ስታልፍ ፈለጉት፤ አላገኙትም። እኔ ድንጋዩ የተመዘገበበትን የኢንተርኔት ገጽ በየጊዜው ከፍቼ አይ ስለነበር አወቅኩ። እንዲህ ያለውን በሙያው ቋንቋ ጠፋ ይሉታል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አባቷ አቶ ጴጥሮስ ደወሉልኝ። ሐውልት ሊያሠሩላት ነው። ግንበኛው መጥቷል፤ የኮከቡ ስም ደግሞ ሳይሳሳት መቀረጽ ስላለበት ጽፌ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም ብዬ፣ መጣሁ አልኳቸው።

የመጀመሪያው ቀን

ሶዶ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየን። ረዳቱ «ጉኑኖ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ አንዱ ሰው ሲገባ ደግሞ ሌላ አንድ ሰው ይቀረዋል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ፣ «ይህ አንድ ሰው ስንት ወንድም አለው?» አሉት። እሱም ሳያፍር፣ «እማማ፣ ቤተሰቡ ሰፊ ነው» አላቸው።

ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ ሁልጊዜ የማየው የዳሞታ ተራራን ፊት ነው። በጉኑኖ መንገድ የሚታየው ጎኑ ነውና ሌላ ተራራ ይመስላል። ብርቱካን ይህንን አንድ ጊዜ ነግራኝ ተራራ እንዴት ፊት ይኖረዋል ብዬ ተከራክሬያት ነበር።

ጉኑኖ ከሶዶ ይበርዳል። ሶዶ ውስጥ እንሰት ከአጥር ጀርባ ያለ ነገር ነው፤ እዚህ ቤቱ ነው ከእንሰቱ ጀርባ ያለው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከመኪና ወርጄ ብዙም ሳልሄድ ቀይ ጭቃ ላይ ተንሸራተትኩ። ሶዶ ብሆን ባጃጅ እጠራ ነበር። እዚህ የማላውቃት ሴት ከአጥሯ ወጥታ ክንዴን ይዛ አነሳችኝ፤ ጫማዬን አውልቃ ወስዳ በገንዳ ውሃ አጥባ፣ በሳር አድርቃ አመጣችልኝ። ስሟን ብጠይቃት «ደግሞ ለጫማ» አለችኝ። የት እንደምሄድ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ፤ እስከ በሩ አደረሰችኝ።

አቶ ጴጥሮስ ከበር ተቀበሉኝ። ግድግዳው ላይ የብርቱካን ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር ተዘርግቷል፤ ከጭንቅላቷ በላይ ቢጫ ኮከብ ታትሟል። ምስክር ወረቀቷ በመስታወት ተከቶ ከጎኑ ተሰቅሏል። ከግቢው ዳር አዲስ የተቆረጡ የባሕር ዛፍ ጉቶዎች አየሁ፤ ለሐውልቱ ማገሪያ የተቆረጡ መሰለኝ።

አማረች ቤት አልነበረችም። ተበላ እህቷ ጋ ወርዳለች አሉኝ። እኛ ቦይና የምንለው ጎዳሬ ተቀቅሎ ቀረበልን። የምንነጋገረው በወላይትኛ ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣው ግንበኛ ሲገባበት ግን ለእሱ ስንል ወደ አማርኛ እንመለሳለን። ግንበኛው ተጫዋች ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን መስቀልና መጽሐፍ ቅዱስ ሲቀርጽ ኖሮ ኮከብ ሠርቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ጫፉ አምስት ይሁን ስድስት ብሎ ጠየቀኝ።

«ጫፍ የለውም» አልኩት።

«ጫፍ የሌለው ኮከብ ድንች ነው።»

«በትክክል ድንች ነው የሚመስለው» አልኩ፤ እውነት ስለሆነ። ትንንሾቹ አስትሮይዶች ድቡልቡል ለመሆን የሚበቃ ስበት የላቸውም።

«እንግዲህ ልጅቱ መቃብር ላይ ድንች ብቀርጽ፣ መንደሩ እኔንም እዚያው ይቀብረኛል።»

አቶ ጴጥሮስ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ስለ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ጀመር። ትልቅ ነው ወይ? ከዚህ ቤት እስከ ገበያው ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል አልኳቸው። የምናየው የሚመልሰውን ብርሃን ብቻ ነው፤ እንደ ከሰል ጥቁር ከሆነ ትልቅ ነው፣ ነጣ ያለ ከሆነ ግን ትንሽም ሆኖ ያን ያህል ያበራል። የቱ እንደሆነ አልታወቀም። ሰው አለበት ወይ? የለበትም፤ አየርም ውሃም የለውም። ዓመቱስ? የእሱ አንድ ዓመት፣ በተገመተው መንገድ ከሆነ፣ የእኛ አራት ዓመት አልፎ ነው።

«እንግዲያ በእሱ አቆጣጠር ከሞተች ዓመት አልሞላትም» አሉ።

መጥፋቱን ልነግራቸው አፌን የከፈትኩት ያኔ ነበር። ቀደሙኝ። ባለቤታቸው ተበላ የወረደችው ስለዚሁ ኮከብ መሆኑን ነገሩኝ። አመሻሽ ላይ ደጅ እየወጣች በምዕራብ በኩል፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ፣ ትልቅ ነጭ ሆኖ ታየው ነበር። ከዚያ በየቀኑ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደና አንድ ምሽት አጣችው።

«ባሕር ዛፉ ነው የጋረደኝ፣ ቁረጥልኝ አለችኝ። ቆረጥኩላት።»

«ከቆረጡስ በኋላ?»

«የለም። ተበላ ሰማዩ ሰፊ ነው ብላ ሄደች። ሐውልቱ ላይ የሚጻፈውን እሷ ትምረጥ ብያለሁ፤ እርስዎ ይንገሯት፣ እርስዎን ትሰማለች።»

ነጩ ቬነስ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እሱ ፕላኔት ነው፤ በምሽት ሰማይ ወራት ይቆይና ወደ ፀሐይ ተጠግቶ ይሰወራል፣ ከዚያ በንጋት በኩል ይወጣል። ለአባትየው ብነግራቸው ወሬው በስልክ ከእኔ ቀድሞ ተበላ ይደርስ ነበር። ልጇ ትታው ሄደች የተባለውን ነገር እናትየው በስልክ እንድታጣ አልፈለግኩም። ጎዳሬዬን በላሁ።

ሁለተኛው ቀን

ከጉኑኖ ወደ ተበላ ለመሄድ ተመልሶ ሶዶ መግባትና ከዚያ ወደ ደቡብ መውረድ ያስፈልጋል። አቶ ጴጥሮስ ለሚስታቸው በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አሸከሙኝ። ሶዶ ስደርስ ቤቴ ገብቼ ልብስ መቀየር እችል ነበር፤ አልገባሁም። ከገባሁ እንደማልወጣ አውቄዋለሁ።

ቁልቁለቱን እየወረድን ሙቀቱ ሲጨምር የቆጮው ሽታ መኪናውን ሞላው። መስኮቱ አይከፈትም። ከፊቴ የተቀመጠ፣ አዲስ ተመድቦ የመጣ የሚመስል የመንግሥት ሠራተኛ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫው ላይ አደረገ። አጠገቡ ያለች ነጋዴ አየችውና፣ «ወንድም፣ አሁን በመሐረብ ነው፤ ከዓመት በኋላ በሁለት እጅህ ነው የምትበላው» አለችው። እሱም ሳቀ፣ ሁላችንም ሳቅን። ጥቂት እንደሄድን ጎማ ተነፈሰ። ሁሉም ወርዶ ጥላ ፈለገ። ያው ሠራተኛ ቆጮዬን እሱ ተሸክሞ ዛፍ ሥር አስቀመጠልኝ።

ሶዶ ሰማዩ በዳሞታና በሰው ጣሪያ የተቆረጠ ነው። ተበላ ግን አማረች እንዳለችው ሰፊ ነው። አቧራ ነው፣ በቆሎ ነው፣ ማንጎ ነው፤ ሰው ከጉኑኖ ሰው ይልቅ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ እንዲያ ባይራመድ ፀሐዩ ያቃጥለዋል። የአማረች እህት ብዙነሽ ትባላለች፤ ገና ከበር ሳልገባ ውሃ አቀረበችልኝ፣ ሁለተኛ ደገመችልኝ። አማረች ከጓሮ መጣች። ከቀብሩ ወዲህ ስላላየኋት መክሳቷ አስደነገጠኝ። ቆጮውን ተቀብላ አሸተተችና፣ «የቤቴ ነው» አለች።

ምሳ ላይ ብዙነሽ የበቆሎ ቂጣ ከጎመን ጋር አቀረበች፣ ዳጣም ከጎኑ። ዳጣ የወላይታ የሚጥሚጣ ድልህ ነው። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ተበላ ያለው ዳጣ ግን ከሶዶው ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። እንባዬ ወረደ። አማረች የማለቅስ መሰላት፤ እጄን ያዘችና፣ «አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ምግብ ላይ ነው የሚመጣብኝ» አለችኝ። ዳጣው ነው ማለት ነበረብኝ። ይህንን ግን ማረም አልቻልኩም፤ እጄን እዚያው ተውኩላት።

ፀሐይ እንደጠለቀች ይዛኝ ከቤቱ ጀርባ ወጣች። ምዕራቡ ቀይ ሆኖ ቀስ እያለ ደበዘዘ። ምንም አልነበረም። ኮከቦቹ በየተራ ብቅ ሲሉ አንዱን ታሳየኝና ራሷ «አይደለም» ትላለች፣ ሌላውን ታሳየኝና «አይደለም» ትላለች። ጎረቤቶች ከአጥር ወዲያ ሰላምታ ሲሰጧት አትሰማም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«አንቺ አስተማሪዋ ነሽ። አሁን የት ነው ያለው?»

ብዙነሽ «እራት!» ብላ ተጣራች። ነገ እነግርሻለሁ አልኳትና ገባን። የብዙነሽ ልጅ የምትተኛበትን አልጋ ለቀውልኝ ልጅቱን ከራሳቸው ጋር አስተኟት። አጎበሩን ብዙነሽ ራሷ በአራቱም በኩል ፍራሹ ሥር ወተፈችልኝ፤ እንዲህ ሆኜ የተሸፈንኩት እናቴ በሕይወት ሳለች ነው።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ማንጎው ሥር በቆሎ እየለቀምን ተቀመጥን። እኔና አማረች ብቻ ነበርን። በሠፌዱ ላይ ጠጠሩን ለይታ በአንድ በኩል ታስቀምጣለች። እንዴት እንደምጀምር አስቤበት ነበር፤ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝና ከመካከሉ ጀመርኩ።

«የብርቱካን እናት፣ ያ ምሽት ምሽት የምታዪው ነጭ እሱ አልነበረም።»

እጇ አልቆመም። «ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ያኛው ድሮም አለ። እናቴ ላም ስታልብ የሚታየው ነው። ሰው ሁሉ እሱ ነው ሲለኝ ግን ይሁን አልኩ።»

«እሱ በንጋት በኩል ይመለሳል።»

«ይመለስ፤ የሁሉም ነው። የእሷውን ንገሪኝ።»

የእሷው በዓይን እንደማይታይ፣ ከሰማይ እጅግ ደብዛዛ ነገሮች አንዱ እንደሆነ ነገርኳት። በመሣሪያስ አለችኝ። በመሣሪያ ይታይ ነበር፤ አሁን ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም አልኳት።

«ተሰብሮ ነው?»

«አይመስለኝም። መንገዱን ይዞ እየዞረ ነው። ያልታወቀው መንገዱ ነው።»

«አንቺም አታውቂም?»

«እኔም።»

«ስሟስ? የለበትም?»

«የለበትም።»

ሠፌዱን መሬት አስቀመጠችው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ በድምፅ አለቀሰች፤ እንደ ቀብሩ ቀን ሳይሆን፣ እንደ ልጅ። ብዙነሽ ከውስጥ ሮጣ መጥታ እህቷን አቅፋ እኔን አየችኝ፤ እንግዳ ባልሆን ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ተነስቼ ልሂድ አልኩ። አማረች ከነጠላዋ ውስጥ ሆና ቀሚሴን ያዘች።

ከቆይታ በኋላ ፊቷን ጠረገችና እህቷን ውሃ እንድታመጣላት ላከቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለጴጥሮስ እኔው ነኝ የምነግረው አለች። ኮከቡም አይቀረጽ።

«ስሟና የአባቷ ስም ይበቃታል። ልጄ ላይ ያልሆነ ነገር አልጭንም።»

እሺ አልኳት። በቆሎውን መልሳ አነሳች። ጥቂት ለቅማ እንደገና አቆመች።

«ግን አይታዋለች አይደል?»

«አይታዋለች። ከሁላችንም በፊት።»

«አብረሻት ነበርሽ?»

«አጠገቧ ነበርኩ።»

«እንግዲያ እሱን ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ከኮምፒውተር ክፍሉ መስኮት በኩል፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። መብራት ሄዶ ተመልሶ እንደገና እየከፈትን ነበር። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ ክርኑ ላይ ተሰፍቷል። አማረች «እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች። ፎቶዎቹን ስታፈራርቅ ቆይታ ድንገት እጇን ከማውሱ ላይ አነሳችና ጣቷን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አደረገች፤ አልጮኸችም፣ ማንንም አልጠራችም። እኔ ዞር ስል ነው ጣቷን ያየሁት። እውነት ይሄዳል ወይስ ዓይኔ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ይሄድ ነበር።

አማረች ጥያቄ አላበቃችም። ደስ ብሏት ነበር ወይ? ለማን ነገረች? አመመኝ ያለችው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የማውቀውን ነገርኳት፣ የማላውቀውን አላውቅም አልኳት። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ቀን በልታ ነበር ወይ አለችኝ።

በልታ ነበር። የተቀቀለ ስኳር ድንች በላስቲክ ይዛ መጥታ ነበር፤ ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለእኔ ሰጥታኛለች።